አራተኛውን ምዕራፍ ያበላሸው ሰው

እሑድ እሑድ ሻይ ቤቴ ስለሚሰበሰቡት ሰዎች ደህና ነገር እንዳወራ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይሰናበተኝ። ደህና ነገር የላቸውም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚመጣው ይመጣል፣ ሱቁን ለዘመድ ጥሎ የሚመጣው ይመጣል፤ ቃሊቲ የባቡሩ መጨረሻ ጋ ወረድ ብላ ካለችው ቤቴ ተኮልኩለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሻይ ያዛሉ። ያችን ሻይ እስክትቀዘቅዝ አይነኳትም፤ ከቀዘቀዘች በኋላ «እህቴ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጣል አድርጊበት» ይሉኛል። ወንበሬን ይዘው፣ ጠረጴዛዬን እየደበደቡ፣ እንቁላል ፍርፍር ሊበላ የገባውን የጭነት መኪና ሹፌር በጩኸታቸው እያባረሩ የሚከራከሩት ስለ ኑሮ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ወጣት ሳሉ አቃቂ ቪዲዮ ቤት ያዩት አንድ የሰላይ ተከታታይ ፊልም ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደተበላሸ ነው።

አዎ፣ ልክ ነው የሰማችሁት። ፀጉራቸው የሳሳ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ናቸው።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው። ሰላዩ ረጅም ካፖርት ይለብሳል፤ በየምዕራፉ አንድ አዲስ ከተማ ይገባል፣ አንድ ሰው ይከዳዋል፣ አንዲት ሴት ታለቅስለታለች። እኔም አይቼዋለሁ፣ አልዋሽም፤ ወድጄውም ነበር። ግን ወደድኩት ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ መቼ እንደሞተ ሳጣራ አልኖርኩም።

ከተከራካሪዎቹ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቱሉ ዲምቱ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ለዚህ ክርክር ሲል በሚኒባስ ተጋፍቶ ይመጣል። ለሚስቱ «ስብሰባ አለብኝ» ብሏት ነው የሚወጣው። በእሱ አባባል ፊልሙ የተበላሸው አራተኛው ምዕራፍ በጀመረበት ዕለት ነው። ሁለተኛው የስልጤ ሰው ነው፣ ብረታ ብረት ነጋዴ። በንግዱ ማንም የማያሞኘው ብልጥ ነው፤ እዚህ ሲመጣ ግን ብልጠቱን ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ «የለም፣ መበስበስ የጀመረው ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ነው፤ አራተኛው ቀብሩ ነው» ይላል። የቀሩት ግማሾቹ ከመምህሩ ጋር፣ ግማሾቹ ከነጋዴው ጋር ናቸው። አራተኛው ጥሩ ነበር የሚል አንድም ሰው የለም። ጠቡ ሁሉ አራተኛው ሲመጣ ፊልሙ ሞቶ ነበር ወይስ እየሞተ ነበር በሚለው ላይ ነው።

«አራተኛው ላይ ሰላዩ ወሬኛ ሆነ» ይላል መምህሩ። «በፊት ሰውዬው ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛውን በሽጉጥ ነበር የሚጨርሰው።»

«ደራሲው ተቀይሮ ነው» ይላል አንዱ። «በጀት አልቆባቸው ነው» ይላል ሌላው። «ተዋናዩ ታሞ ነበር አሉ» የሚልም አለ፤ ማን እንዳለው ብትጠይቁት ግን አያውቅም። ባለፈው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይሄንኑ ጀምረው፣ ድምፃቸው ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ፣ ሐዘንተኛዋ ራሷ ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» ብላቸዋለች። መምህሩ ምን ብሎ እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም ነበር፣ ያሳፍራል።

የሚገርመው ግን ይሄ አይደለም። የሚገርመው አንዳቸውም ፊልሙን በጆሮአቸው ሰምተውት አለማወቃቸው ነው። ቪዲዮ ቤት ያላየ ሰው ይሄ ላይገባው ስለሚችል ላስረዳ። ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ወረቀት ተሸፍኗል፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከፊት ቴሌቪዥንና ዴክ አለ። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጉትና አንድ ሰው ማይክ ይዞ፣ ፈረንጁ አፉን በከፈተ ቁጥር በአማርኛ ይናገርለታል። ሰላዩም እሱ ነው፣ ጠላቱም እሱ ነው፣ የምታለቅሰዋም ሴት እሱ ነው። የዚያ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ተርጓሚው በቺፑድ በተጋረደች ጥግ ተቀምጦ፣ በቀዳዳ ቴሌቪዥኑን እያየ ነው የሚናገረው፤ ተመልካች ሳይገባ ይገባል፣ የመጨረሻው ተመልካች ከወጣ በኋላ ይወጣል። «የሚናገረውን ሰው ካዩት ሰላዩን አያምኑትም» ይል ነበር ባለቤቱ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች የተረጎመው ሰው ጎበዝ ነበር፤ ይሄን አልክድም። እሱ ሾፌርነት ተቀጥሮ ሲሄድ አራተኛውን ሌላ ሰው ተረጎመው። ያ ሌላ ሰው ባሌ ነው።

እኔ በር ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ እሸጥ ነበር። ቅርጫቴን እስክሰበስብ ስለምቆይ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በጓሮ በር አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ቀጭን ወጣት አይ ነበር። ከዱከም እየተመላለሰ ነበር የሚሠራው፤ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ከመልኩ በፊት ድምፁን ነው የወደድኩት። ይሄን ስናገር አላፍርም፣ ምን ያሳፍረኛል። በር ላይ ቆሜ እየሰማሁት ለገዢ የብር መልስ መስጠት ይጠፋኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ እዚሁ ቃሊቲ ሲሚንቶ መጋዘን ተቀጠረ፤ ጡረታ እስኪወጣ አቧራ ሲውጥ ኖረ፤ ያ ድምፅ አለቀ። ዛሬ ሲናገር ዘይት ነክቶት የማያውቅ የበር ማጠፊያ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጦ የዝንጅብል ሻይ የሚጠጣውን ሽማግሌ የሚያውቁት የሻይ ቤቷ ሴትዮ ባል ነው ብለው ብቻ ነው።

እሱን ግን አንድ ነገር ሲበላው ኖሯል። አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ አንድ የድልድይ ትዕይንት አለ። ሰላዩ የልብ ጓደኛው እንደከዳው አውቋል፤ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ፤ አሳልፎ ሊሰጠው ነው። ባሌ በዚያ ሰሞን ከአንድ ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ላይ እየበላ ይኖር ነበር። ጓደኛው ለባሌ የታሰበውን የፋብሪካ ሥራ በጎን ሄዶ ለራሱ አስደረገው፤ ዕቃውን ሰብስቦም ወጣ። እና ባሌ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፈረንጁ ያለውን ትቶ የራሱን ተናገረ። ምን እንዳለ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ያን ዕለት ውጭ ከአንድ ሰካራም ጋር ስጨቃጨቅ አልሰማሁም። የነገረኝ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ቤቱ ጭጭ አለ። ሌላ ጊዜ የሚያፏጨው፣ አግዳሚውን የሚደበድበው፣ «በለው» የሚለው ሕዝብ ትንፍሽ አላለም። ቺፑዱ ጋርዶት ፊታቸውን አያይም። «ገደልኩት» አለኝ ሲወጣ። «ፊልሙን ገደልኩት።» ባለቤቱም «ማነህና ነው ከራስህ የምትጨምረው?» ብሎ ተቆጣው፤ አራተኛው እንዳለቀም አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ማይክ ጨብጦ አያውቅም።

እንግዲህ ባሌ እሑድ እሑድ ያችን ጥግ የማይለቃት ለምን ይመስላችኋል? አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ ስለ አራተኛው ምዕራፍ ደህና ቃል ጣል ያደርግ ይሆናል ብሎ ነው። ከዕድሜው ውስጥ ሰው ሰማኝ የሚለው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ከረጢት ማውረድና ከረጢት መጫን ነው። አበላሽቼዋለሁ ወይስ አላበላሸሁትም? ማወቅ የሚፈልገው ይሄን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ በየሳምንቱ እሱ ባለበት ምዕራፉን ቀብረውት ይሄዳሉ። «ንገራቸው» እለዋለሁ። «ምን ብዬ?» ይለኛል። «እንግዲያስ አትስማቸው፣ ቤት ተኛ» እለዋለሁ። እሱንም አይሰማኝም። አንዳንዴ ከእነሱ ይልቅ በእሱ ነው የምናደደው። ሰዎቹንም እስከ ዛሬ በመጥረጊያ ያላባረርኳቸው ለእሱ ብዬ ነው።

ከዕለታት አንድ እሑድ ነጋዴው ፍላሽ ይዞ መጣ። ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራ የእህቱ ልጅ ከኢንተርኔት አውርዶለት ነው፤ ሙሉውን ፊልም፣ ኦሪጂናሉን፣ ያለ ተርጓሚ። ሰው ልጁን አስመርቆ እንኳ እንደዚያ ተጀንኖ አይገባም። «ዛሬ ይሄ ክርክር ይዘጋል» አለ ፍላሹን ከፍ አድርጎ። «ማስረጃ ይዣለሁ።»

ቴሌቪዥኔ ላይ ኳስ የሚያይ ደንበኛ ነበር፤ ማን ጠየቀው። ቀየሩበት። አራተኛውን ምዕራፍ ከፈቱ፣ የበሰበሰው ቦታ በጣት እንዲታይ። ሰላዩ ብቅ አለ፤ ካፖርቱ ያው ነው። አፉን ሲከፍት ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ድምፁም ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ዓይነት። ሁሉም ደነገጡ። «ይሄ ድምፁ አይደለም» አለ አንዱ፣ በጣም ቅር ብሎት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

መምህሩን አዩት። መምህሩ መነጽሩን አስተካከለና «የሚናገረው የገጠር እንግሊዝኛ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል» አለ። ይሄ ሰው ሒሳብ ሲጠይቀኝ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩን ያመጣሁት ያኔ ነው። «እሱ ይሰማል፣ ይተርጉምላችሁ» አልኩ ወደ ባሌ እየጠቆምኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ደግሞ ሲናገር ልስማው ብዬ ይሆናል።

ባሌ ክፉኛ ገላመጠኝ። ነጋዴው ግን ወዲያው ወንበር ስቦ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉልን» አለው። እንቢ ማለት አይችልበትም፤ ተጠጋ። በዚያ ባለቀ ጉሮሮው ጀመረ። ከራሱ እንዳይጨምር ያኔ ተቆጥተውት የለ፣ አንድ ቃል አልጨመረም። «በሩን ዝጋ ይላል።» «መኪናው የት ነው ይላል።» «አላውቅም ትለዋለች።»

«ይኸው፣ አላልኳችሁም፣ ምኑም አይጥም» አለ መምህሩ ደስ ብሎት።

ከዚያ ድልድዩ መጣ።

«እንዴ» አለ ነጋዴው። «ይሄማ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።»

«በትክክል» አለ መምህሩ። በዚህ ፊልም ጉዳይ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይሄ የደጉ ዘመን ነው። የእህትህ ልጅ ፋይሉን ቀላቅሎታል።»

ፋይሉ ላይ አራት የሚል ተጽፏል። ከእሱ በፊት ያለውም አራተኛው ነው፣ ከእሱ በኋላ ያለውም አራተኛው ነው። ግን አራተኛው ብስብስ መሆኑ አንዴ ተወስኗል፤ ድልድዩን ደግሞ ሁሉም ይወዱታል፤ ስለዚህ ድልድዩ አራተኛው ውስጥ ሊሆን አይችልም። የእነሱ አስተሳሰብ ይሄ ነው። የወደዱትን ሁሉ ለቅመው ወደ ደጉ ዘመን ያሻግሩታል፤ ከዚያ የተረፈውን ያዩና «ተበላሸ» ይላሉ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የባሌን ትከሻ ነበር የማየው። የሚወዱት የትኛውን እንደሆነ ሲሰማ ቀጥ አለ።

ሰላዩ ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው። አንድ አጭር ነገር ተናገረ።

«ጊዜ የለንም፣ እንሂድ ነው ያለው» አለ ባሌ።

ቤቱ ተንጫጫ። «የለም፣ የለም፣ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደሱ አይልም» አለ ነጋዴው። ብድግ ብሎ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «‹አብረን የበላንበት ትሪ እንኳ ሳይታጠብ ከዳኸኝ› ነው የሚለው።» መምህሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮት ይለው ነበር። ሌሎቹም። መጨረሻውን በአንድ አፍ ነው ያሉት።

ትሪ። ካፖርት የለበሰ ፈረንጅ፣ ሁሉም በየሳህኑ በሹካ የሚበላበት አገር ሰው፣ አብረን የበላንበት ትሪ ይላል? ያን ሁሉ ዘመን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ካርታ ከሚያስተምረው ሰው ጭምር፣ ይሄን የጠየቀ አንድ የለም። አሁንም አልጠየቁም። ወደ ኋላ መለሱትና እንደገና አዩት። ባሌም እንደገና «ጊዜ የለንም፣ እንሂድ» አለ። ድምፁ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ዕለት ከራሱ የጨመራት ቃል እሷ ነበረች፤ ይሄን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር ለእኔም ያልነገረኝ።

«ጋሼ፣ መተርጎም ማለት ቃል ማወቅ ብቻ አይደለም» አለ መምህሩ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «ያኔ የነበረው ተርጓሚ የሰውዬውን ልብ ነበር የሚያነበው። እኔ ያን ዕለት እዚያ ነበርኩ። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ያለቅስ ነበር። እኔ ራሴ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት።»

«እኔ ደግሞ» አለ ነጋዴው፣ «ወንድሜ ሱቅ ተካፍለን ሊለየኝ በተነሳ ቀን ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ይችኑ ነው ያልኩት። ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ። ዛሬም አብረን ነን።» ነጋዴው ሳይጮህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ባሌን አየሁት። ቴሌቪዥኑን ነው የሚያየው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ልቤ ተነካ፤ እነዚህን ሰዎች ተነስቼ ጉንጫቸውን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት። አንዱ ከኋላ ሆኖ «እንዲህ ዓይነቱ ተርጓሚ ነው እኮ አራተኛውን ያበላሸብን» አለና በአገጩ ወደ ባሌ ጠቆመ። ሳቁ። ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ።

ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ፎጣ ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት። «እሱ ነው» አልኩ። «ያለቀሳችሁባትን ቃል የተናገረው እሱ ነው። ከገዛ ሆዱ ነው ያወጣት። አራተኛውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተረጎመላችሁ እሱ ነው፣ እናንተ ደንቆሮዎች።»

ዞረው አዩት። ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ የዝንጅብል ሻይ ብርጭቆ የያዘ ሽማግሌ። ነጋዴው እጁን ከደረቱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ጋሼ፣ እውነት ነው? እርስዎ ነዎት?» አለ። እየጠየቀ ሳለ ፊቱ ሲቀዘቅዝ አየሁት፤ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም፣ ዕቃው ሊወሰድበት ነው የተባለ ሰው ፊት ነበር።

ባሌ ወደ እኔ አላየም። «ተዋት፣ ቀልዷን ነው» አለ። «እኔ ያኔ ዱከም ነበርኩ። ያ ሌላ ሰው ነው።»

«እኔም አልኩ እኮ» አለ መምህሩ እፎይ ብሎ። ወዲያው ፋይሉን ማን እንደቀላቀለው መከራከር ጀመሩ። ሲወጡ ነጋዴው ባሌን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት ጋሼ፣ እንግሊዝኛዎ ምንም አይልም» አለው። ሙቅ ውሃ የጨመርኩባቸውን ሻይ ሳይጨርሱት ነው የሄዱት።

ብርጭቆ ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ። ባሌ ወንበር ይደረድራል፤ ሳይለመን ወንበር ደርድሮ አያውቅም። ወገቡ ቀና ብሏል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው መጣልህ» አልኩት። «አልቅሰንበታል አሉህ፣ በራሳቸው አፍ። እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል? ይባስ ብለህ እኔን ውሸታም ታደርገኛለህ?»

«ሰማኋቸው» አለ። «አልገደልኩትም።»

«ታዲያ ለምን ካድክ?»

የያዘውን ወንበር አስቀመጠ። «መምህሩ እርስዎ ነዎት ሲለኝ ፊቱን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተበላሸም» አለ። «እኔ ነኝ ያልኳቸው ዕለት ነው የሚበላሸው።»

ቀጣዩን ወንበር እኔ አነሳሁለት። ሰዎቹን ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቃቸው፤ እውነቱን ነበር።